ከደሴ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

እናቴ አሜሪካ ደርሳ ከተመለሰች ወዲህ ሰፈሩ የጉዞ አዋቂ አድርጎኛል። ልጃቸው ውጭ አገር የወለደችላቸው እናቶች ቪዛ ሲመታላቸው ለምክር የሚመጡት እኛ ቤት ነው። ቡና ይጠጣል፣ የሕፃኑ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። «ለመሆኑ ከደሴ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?»

ስልክ ከፍታችሁ ብትፈልጉ መልሱ አጭር ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 13 ሰዓት ምናምን። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። እናቴ ግን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ቤታችን ወጥታ የእህቴን ደጅ እስክትረግጥ 59 ሰዓት ፈጅቶባታል። ቆጥሬዋለሁ። ትርፉ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። አብዛኛው የሰማይና የመንገድ ነው። በኔ ጥፋት ደግሞ ሌላ አንድ ቀን ሊጨመርበት ትንሽ ነበር የቀረው።

ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ይኼን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ ወደ ኋላ የምናዘዘውን ነገር የባሰ አሳፋሪ ስለሚያደርገው ነው። ከጉዞው ሳምንት በፊት ከትምህርት ቤት ሉል ይዤ መጣሁና ከእናቴ የስፌት ዕቃ ክር መዝዤ አሳየኋት። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብታሰምሩ መስመሩ ቻድንና ማሊን አቋርጦ ውቅያኖስ ውስጥ ይገባል። ሉል ላይ ክር ስትወጥሩ ግን ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ይሸሻል። ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ ሜዲትራኒያንን አልፎ ስፔን ላይ ይወጣና ከዚያ አትላንቲክን ይሻገራል። አጭሩ መንገድ እሱ ነው። ልጅ መስኮት ላይ ተቀምጦ «አሜሪካ ወደ ምዕራብ አይደለም እንዴ፣ ለምን ወደ ላይ እንሄዳለን?» ብሎ ቢጠይቃችሁ መልሱ ክሩ ነው።

እናቴ ክሩን በስንዝሯ ለካችው። «ታዲያ ቅርብ ነዋ!» አለችኝ።

አንድ ነገር እዚያው ሉሉ ላይ አስተዋልኩ። ኮምቦልቻ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለዋሽንግተን ትቀርባለች፤ ወደ 90 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ ከኛ አገር ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ከአሜሪካ መራቅ ነው። 250 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሰሜን ይበራል።

መጀመሪያ ግን ኮምቦልቻ መድረስ አለ። ትኬቱ ላይ መነሻው ደሴ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ደሴ ውስጥ ግን አውሮፕላን አያርፍም። በጦሳና በአዘዋ መሃል የተሸጎጠች ከተማ ለአውሮፕላን የሚሆን ሜዳ ከየት ታመጣለች? ማረፊያው ኮምቦልቻ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሐረጎ ቁልቁለት። ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት። በደህና ቀን 40 ደቂቃ ይበቃል። በክረምት ጠዋት ግን ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲተኛ ሹፌሩ የፊቱን መኪና የኋላ መብራት እየተከተለ ነው የሚነዳው። አንድ አይሱዙ ጥምዝ ላይ ከቆመ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ መጠበቅ ነው። እኔ ለሐረጎ 1 ሰዓት ተኩል ነው የምይዘው።

ከቤት የወጣነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሐምሌ ነበር። ዕቅዱ የተሟላ መስሎኝ ነበር። በጠዋቱ በረራ አዲስ አበባ እንገባለን፣ ኮተቤ የአጎቴ ልጅ ጋ እናድራለን፣ በማግስቱ ማታ እናቴ ትበራለች። የኮምቦልቻ በረራ ራሱ ሰዓት አይሞላም፤ ቀበቶ አስረህ ውሃ ጠጥተህ ሳትጨርስ ቦሌ ነህ።

አሮፕላኑ ግን አልመጣም። ኮምቦልቻ ላይ ፀሐይ ነበር፤ ሰማዩ የተዘጋው ሌላ ቦታ ነው። መጀመሪያ 2 ሰዓት ይዘገያል ተባለ። ከዚያ ሌላ 2 ሰዓት። ከሰዓት በኋላ ተሰረዘ። እናቴ ሻርፗን እያስተካከለች «አብሽር ልጄ፣ የአላህ ነገር ነው» ትለኛለች። እኔ ግን ሆዴ ታውኳል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የማግስቱን በረራ ሊሰጡን ነበር፤ እኔ ደግሞ ሰማዩን አላመንኩትም፤ በባስ ልንሄድ ወሰንን። ሻንጣዬን አንስቼ ልወጣ ስል አጠገባችን የነበሩ አባት ጠሩኝ። «ትኬቱ እስከ አሜሪካ አንድ ላይ ነው የተቆረጠው?» አዎ አልኩ። «እንግዲያው ሳትነግራቸው እንዳትሄድ።» እውነታቸውን ነው። ትኬታችሁ ከኮምቦልቻ እስከ መድረሻው አንድ ከሆነና የመጀመሪያውን በረራ ዝም ብላችሁ ከተዋችሁት፣ «ተሳፋሪው ቀርቷል» ተብሎ የቀረው በሙሉ ሊሰረዝ ይችላል። ተመልሼ ነገርኩ፣ አስተካከሉልኝ፣ ማስረጃውን አሳትሜ ያዝኩ። እኒያ ሰውዬ ባይኖሩ የእናቴ ጉዞ ቦሌ ላይ ነበር የሚያበቃው።

ይኼን ሰምታችሁ ግን ትኬቱን ለያይታችሁ እንዳትቆርጡ። አንድ መሆኑ ይሻላል። የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ ለቀጣዩ የሚያስቡላችሁ እነሱ ናቸው። ሻንጣም አለ። ወደ አሜሪካ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ ለብቻው የተቆረጠ የአገር ውስጥ ትኬት ግን የሚፈቅደው ያነሰ ነው። ለአራስ የሚሄድ የገንፎ እህል፣ አብሽና በሶ ተሸክማችሁ ኮምቦልቻ ላይ ለትርፍ ኪሎ ስትከፍሉ አስቡት።

ስለ ባሱ ብዙ አልልም። ደሴ ተመልሰን አደርንና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ሐርቡ፣ ከሚሴ፣ አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢት፤ ሙቀቱ እንደ ልማዱ። ከደብረ ሲና ጣርማ በር ዋሻ እስክንደርስ የእናቴ ጆሮ ተደፍኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብርድ። መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው። 10 ሰዓት ፈጀብን። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ገባን።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ።

ትኬቱ ላይ የተጻፈው 22:30 ነው። ከሳምንት በፊት እናቴ እንድታየው ብዬ በወረቀት ስጽፍላት 12 ቀነስኩና «10:30 ማታ» ብዬ ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት። በኋላ ወደኛ አቆጣጠር እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። አልመለስኩትም። ያን ወረቀት ሳምንቱን ሙሉ ሳየው ዋልኩ፣ ሳየው አደርኩ፤ ከጊዜ በኋላ የራሴን ጽሑፍ እንደማንኛውም የደሴ ሰው አነበብኩት። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል፤ ወደ ሱብሂ ገደማ።

ስለዚህ ኮተቤ ስንደርስ ተዝናናን። እናቴ እግሯን በሙቅ ውሃ ነከረች። ምሳ ቀረበ፣ ቡና ተፈላ፣ ትንሽ ጋደም አለች። ማታ 1 ሰዓት ላይ ሁለተኛው ቡና አቦል ሲቀዳ ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት፤ እሷ ጋ እኩለ ቀን ነው።

«ቼክ ኢን አለቀ?»

«ኧረ ገና ቤት ነን። 10 ሰዓት ተኩል አይደል እንዴ?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ «የማን 10 ሰዓት ተኩል?» አለችኝ።

ያቺን «የማን» ስሰማ ቀልቤ ተገፈፈ። 22:30 ማለት ማታ 4 ሰዓት ተኩል ነው። 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ቀርቶናል፤ ያለነው ኮተቤ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት፣ ዝናብ። ስኒው ሳይነሳ ወጣን። እናቴ አንዱን ጫማዋን ያጠለቀችው መኪና ውስጥ ነው። መገናኛ ላይ መኪናው ሲቆም ላብ አጠመቀኝ፤ እሷ ከኋላ ወንበር ሆና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ዱዓ ታደርጋለች። ቦሌ ስንደርስ 2 ሰዓት ተኩል አልፏል። ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ በሩ ላይ ነው ያስረከብኳት። በወጉ ተቃቅፈን እንኳ አልተሰነባበትንም። 20 ዓመት የሰዓት ዞን ያስተማርኩ ሰው እናቴን... ምን ልበላችሁ፣ ላስቀራት ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ የምነግረው ይኼን ነው። ትኬት ላይ ያለውን ሰዓት ወደኛ ለማምጣት 6 ቀንሱ፤ የቀረው 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 12 ደግሞ ቀንሱ። ትኬቱ ላይ ያለው ከ7:00 በፊት ከሆነ ግን በመቀነስ ፈንታ 6 ደምሩ። 22:30 ሲቀነስ 6፣ 16:30፤ ሲቀነስ 12፣ 4:30። ወረቀት ላይ ስትጽፉ ደግሞ «ማታ» ብቻ አትበሉ፤ «ማታ፣ ከኢሻእ ሶላት በኋላ» ወይም «ከእራት በኋላ» ብላችሁ ጻፉ። የቁጥር ስህተት በዚህ ይያዛል።

ከዚህ የከፋ ወጥመድ አለ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለ በረራ። የጎረቤታችን ልጅ ጅዳ ልትሄድ ትኬቷ ላይ ቅዳሜ 00:40 ይላል። 6 ሰዓት ከ40፣ ሌሊት፤ ሰዓቱን በትክክል ቆጥረውታል። ቅዳሜ ማታ እራታቸውን በልተው ሸኟት። አሮፕላኑ ግን የሄደው በፊተኛው ሌሊት ነው። ለእኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፤ ለትኬቱ እኩለ ሌሊት ላይ። 00:40 ቅዳሜ ማለት በኛ አነጋገር ለቅዳሜ አጥቢያ፣ ማለትም ዓርብ ማታ ከቤት የሚወጣበት ነው። ትኬት ላይ 00፣ 01፣ 02 ብሎ የሚጀምር ሰዓት ካያችሁ «ለ... አጥቢያ» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

ጅዳን ካነሳሁ አይቀር፣ ይቺም ታስቀኛለች። ጅዳ ከኮምቦልቻ ቀጥታ ወደ ሰሜን ናት፣ በግራም በቀኝም ብዙ ሳትል፤ 1,200 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ሰዓቷም ከኛ ጋር አንድ ነው። ግን የወሎ ሰው መጀመሪያ ወደ ደቡብ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ከዚያ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ይበራል። ካርታ ላይ ካሰመራችሁት መስመሩ ምዕራብ ወሎን አቋርጦ ያልፋል። አገርህን ለቀህ ሄደህ፣ በላይዋ ደግሞ ትመለሳለህ።

ወደ እናቴ ልመለስ። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ተነስታ በማግስቱ በዋሽንግተን ሰዓት 8:00 ላይ አረፈች። 22:30ን ከ8:00 ጋር አስተያይተው «9 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው» የሚሉ አሉ። አይደለም። ትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት የመነሻው ከተማ ነው፣ የመድረሻውም የመድረሻው። በሐምሌ ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፤ የዋሽንግተን 8:00 ጠዋት ደሴ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከማታ 4:30 እስከ ቀን 9 ሰዓት ስትቆጥሩ 16 ሰዓት ተኩል ይመጣል።

ታዲያ 13 የተባለውስ? እሱ የመልሱ ነው። ሲሄዱ አሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ሲመለሱ ቀጥታ ነው። ይኼን ስነግር ብዙ ሰው አያምነኝም፤ ምክንያቱ ግን ከእግራችን ስር ያለ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ ነው ያለው። አየሩ ስስ ነው። ክንፉም ሞተሩም በስስ አየር ውስጥ ጉልበታቸው ይቀንሳል። ሐረጎን የሚወጣ አይሱዙ ጭነት እንደሚቀንሰው ሁሉ፣ ከቦሌ የሚነሳ አሮፕላንም ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ለ11,500 ኪሎ ሜትር የሚበቃ ነዳጅ ጨምሮ ለመነሳት ይከብደዋል። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ደግሞ 100 ሜትር እንኳ ከፍታ የለውም። ከዚያ ሞልቶ ይነሳል። በዚያ ላይ ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ሲሄዱ ፊት ለፊት ነው፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። መንገድ ላይ ሲያርፍ የደረሰች መስሏት ቦርሳዋን ይዛ የምትነሳ እናት ብዙ ናት። የኔዋም ተነስታ ነበር። አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ሌላ የነገረችኝ፣ ሌሊቱ አልነጋ ማለቱን ነው። «ብጠብቅ ብጠብቅ ጨለማ ነው፤ ሱብሂ የጠፋ መሰለኝ» አለች። ወደ ምዕራብ ሲበር ከፀሐይ እየሸሸ ነው፤ ሌሊቱ ይጎተታል።

እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። ሁለት ነገር ጠቅሟታል። አንደኛው ዊልቸር ነው፤ ትኬቱ ሲቆረጥ አስመዘገብንላት። መጀመሪያ «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ!» ብላ ተቆጥታ ነበር። ግን ዊልቸር ማለት የሚገፋችሁ ሰው ማለት ነው፤ ሰልፉንና በሩን የሚያውቅ ሰው። ሁለተኛው የእህቴ ስምና ስልክ፣ አድራሻዋና የመጣችበት ምክንያት በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ነው። ፓስፖርቷ ውስጥ አጥፌ ከተትኩላት። ከዚያ ሻንጣ፣ ፍተሻ፣ መኪና፤ የእህቴን ደጅ ስትረግጥ ደሴ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነበር። 59 ሰዓት ያልኳችሁ እንዲህ ነው የተቆጠረው።

አሁን ደግሞ ጂኦግራፊ መምህሩ ያላወቀውን እናቴ ያስተማረችኝ። ደርሳ ስታበቃ እህቴ የእጅ ሰዓቷን ወደ ዋሽንግተን ልታዞርላት ፈለገች። እምቢ አለች። «ልጄ የሚነሳበትን የሚተኛበትን በምን ልወቅ?» አለች፤ እኔን ነው። ሰዓቷ በደሴ አቆጣጠር እንዳለ ቀረ። ከሁለት ቀን በኋላ ደወለችልኝ። «ስማ፣ የነሱ ሰዓት ከኔ ሰዓት በአንድ ብቻ ነው እኮ የሚያንሰው!»

ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት። ልክ ናት። በሐምሌ ደሴ ማታ 2 ሰዓት ሲል ዋሽንግተን በነሱ አቆጣጠር የቀኑ 1 ነው። ደሴ የቀኑ 6 ሲል እዚያ የሌሊቱ 5 ነው። የኛ አቆጣጠር ከፈረንጅ በ6 ሰዓት ስለሚለይና በከተሞቹ መካከል ያለው ልዩነት 7 ስለሆነ፣ በሰዓቱ ፊት ላይ የሚቀረው 1 ብቻ ነው። ቀኑና ሌሊቱ ይገለበጣል እንጂ ሰዓቷን ማዞር አላስፈለጋትም። አንድ እየቀነሰች አራት ወር ኖረችበት። ውጭ ዘመድ ያላችሁ ሁሉ ይቺን ያዟት፤ ስልክ ለመደወል ጣት መቁጠር ቀረ።

በጥቅምት መጨረሻ ግን አንድ ቀን ደውዬ ከእንቅልፍ ቀሰቀስኳቸው። አሜሪካኖቹ በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ እንደገና ወደፊት የሚያደርጉት ማርች ላይ ነው፣ በኛ መጋቢት መግቢያ ገደማ። በዚያ መሃል ልዩነቱ 8 ይሆናል፣ ከእናቴ ሰዓት ላይ የሚቀነሰውም 2። ሕፃኑ ሲያለቅስ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። እህቴ ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ በቂ ነበር።

ኅዳር ላይ ተመለሰች። ቀጥታ በረራ፣ መንገድ ላይ ማረፍ የለ፤ ጠዋት ቦሌ ገባች። ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ተቀበልኳት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ አሮፕላኑም በሰዓቱ መጣ። ሐረጎን ስንወጣ ራሷን መስኮቱ ላይ ደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ያን ሁሉ ሰዓት አሮፕላን ላይ ዓይኗን አልከደነችም ነበር። ቧንቧ ውሃ ስንደርስ ቀስቅሼ ሰዓቷን አየሁላት። ከኔ ስልክ ጋር እኩል ነው፤ 10 ሰዓት ከሩብ።